ተከራካሪውም ዳኛውም አንድ ሰው በሆነበት ችሎት የተረታው የሕግ ሊቅ

ሕግ የተማርን ሰዎች ከሒሳብ ጋር ያለን ዝምድና እምብዛም የሚያኮራ አይደለም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ብዙዎቻችን ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የገባነው ፍትሕን ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ከቁጥር ሽሽትም ጭምር ነው። የዛሬው ባለታሪካችን ግን በዚህ ረገድ ያሳፍረናል። ሰውዬው ገና በ20 ዓመቱ የሕግ ዶክተርነቱን ያገኘ ሲሆን፣ ዕድሜ ልኩን እንጀራውን የበላው በሕግ አማካሪነት፣ በቤተ መጻሕፍት ኃላፊነትና በታሪክ ጸሐፊነት ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ በሚተርፈው ጊዜ ደግሞ ዛሬ መሐንዲሱም፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያውም፣ ሐኪሙም ሳይማረው የማያልፈውን ካልኩለስን ፈለሰፈ። ስሙ ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ ይባላል።

ታሪኩን ማንሳት የወደድኩት ሊቅነቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ለውጥ እንዴት እንደሚለካ ለዓለም ያስተማረው ይህ የሕግ ሰው፣ የራሱ ጉዳይ ለዳኝነት በቀረበ ጊዜ አንድም ቀን ሳይሰማ ተፈርዶበታል። በዳኝነት የተቀመጠው ማኅበር ፕሬዚዳንት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ተከራካሪው ራሱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የአባቱ መጻሕፍት

ላይብኒዝ የተወለደው በ1646 በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ ነው። አባቱ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበር። እናቱም የሕግ ፕሮፌሰር ልጅ ነበረች። አባቱ የሞተው ልጁ ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ ሲሆን፣ ያወረሰው ትልቁ ሀብት በመጻሕፍት የተሞላ ክፍል ነበር። ትንሹ ላይብኒዝ እዚያ ክፍል እንዲገባ ከተፈቀደለት በኋላ የላቲን ቋንቋን በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተማረ። በ14 ዓመቱም የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነ።

ፍልስፍና ተማረ፣ ከዚያም ወደ ሕግ አዘነበለ። በ1666 ለዶክትሬት ቢያመለክትም ዩኒቨርሲቲው ሳይቀበለው ቀረ። ምክንያቱ ለጋነቱ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ወጣቱ ግን ደጅ ሲጠና አልከረመም። ጓዙን ጠቅልሎ ኑረምበርግ አጠገብ ወደሚገኘው የአልትዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ሄደና እዚያ ማዕረጉን ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕሰ ጉዳይ በሕግ ውስጥ የሚያጋጥሙ አስቸጋሪ ጉዳዮች የሚል ነበር። ሕጉ መልስ የሌለው በሚመስልበት ጊዜ ዳኛው እጁን አጣጥፎ መቀመጥም ሆነ ዕጣ ጥሎ ማለፍ እንደሌለበት፣ ከሕግ መርሆች ተነስቶ መፍትሔ ማግኘት እንደሚቻል ይከራከራል። ዩኒቨርሲቲው እዚያው እንዲያስተምር ቢጠይቀውም አልተቀበለም።

ከዚያም ወደ ማይንዝ ሄዶ በገዥው ዘንድ የሕግ ማሻሻያ ሥራ ተሰጠው። በዚህ ዘመን አንድ ምኞት አደረበት። የሰው ልጅ ሐሳቦች ሁሉ በምልክት የሚጻፉበት ቋንቋ ቢገኝ፣ ሁለት ሰዎች በተጋጩ ጊዜ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነገሩን እንደ ሒሳብ አስልተው ሊጨርሱት ይችላሉ የሚል ምኞት ነበር። ጠብና ሙግት በስሌት ሲያበቃ ማየት ይፈልግ ነበር ማለት ነው። የእሱ የራሱ ሙግት በምን ሁኔታ እንዳበቃ ስናይ ይህ ምኞቱ አንጀት ይበላል።

ፓሪስና የቁጥሮች ልዩነት

በ1672 ላይብኒዝ ለዲፕሎማሲ ሥራ ወደ ፓሪስ ተላከ። ዓላማው የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 14ኛን ጦሩን ከጀርመንና ከሆላንድ አንስቶ ወደ ግብፅ እንዲያዘምት ማግባባት ነበር። ዕቅዱ ሰሚ አላገኘም። ፓሪስ ግን ለላይብኒዝ ሌላ ጸጋ ይዛ ጠበቀችው። በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የሆላንድ ሳይንቲስት ከክሪስቲያን ሆይገንስ ጋር ተዋወቀ።

ሆይገንስ ወጣቱን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ሰጠው። አንድ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ፣ አንድ አሥረኛ፣ አንድ አሥራ አምስተኛ እያሉ ማለቂያ በሌለው ሁኔታ ቢደምሩ ድምሩ ስንት ይሆናል? ላይብኒዝ መላውን ያገኘው በመደመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የሁለት ሌሎች ቁጥሮች ልዩነት መሆኑን አስተዋለ። የመጀመሪያው ከ2 ላይ 1 ሲቀነስ፣ ሁለተኛው ከ1 ላይ ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ፣ ሦስተኛው ከሁለት ሦስተኛ ላይ ሁለት አራተኛ ሲቀነስ የሚገኝ ነው። እንዲህ እየተባለ ሲኬድ መካከል ያሉት እርስ በርሳቸው ይጣፉና የሚቀረው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ይሆናል። መልሱ 2 ነው።

ነገሩ የልጆች እንቆቅልሽ ይመስላል። ላይብኒዝ ግን ከዚህ ተነስቶ ትልቅ ነገር ጨበጠ። ልዩነትን መፈለግና ልዩነቶችን መደመር አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው። አንደኛው የሠራውን ሌላኛው ያፈርሰዋል። የካልኩለስ ሁለት ክንፎች የተያያዙት በዚህ ሐሳብ ነው።

ይህን ሲያስብ ክፉ አጋጣሚም ደረሰበት። በ1673 መጀመሪያ ላይ ወደ ለንደን ተጉዞ የፈለሰፈውን የሒሳብ ማስያ መሣሪያ ለሮያል ሶሳይቲ አሳየ። በዚያው ሰሞን በአንድ ግብዣ ላይ ስለ ቁጥሮች ልዩነት ያገኘውን ዘዴ ሲያወራ፣ ጆን ፔል የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ይህ ነገር ሙቶን በሚባል ፈረንሳዊ መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ እንደሚገኝ ነገረው። ላይብኒዝ መጽሐፉን ፈልጎ ቢያየው እውነት ሆኖ አገኘው። ሳያውቅ የደረሰበት መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፎ ለማኅበሩ ሰጠ። ሮያል ሶሳይቲም በዚያው ዓመት አባሉ አደረገው። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ከማኅደር ወጥቶ መከሰሻ ሆነበት።

ለመሆኑ ግኝቱ ምንድን ነው?

የሒሳብ ጥላቻ ያለባችሁ አንባብያን ለጥቂት አንቀጾች ታገሡኝ። ነገሩ ከምናስበው በላይ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ሌላውን እየተከተለ ሲለዋወጥ፣ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና የሒሳብ ሰዎች ፈንክሽን ይሉታል። ቃሉን ወደ ሒሳብ ያስገባው ራሱ ላይብኒዝ ሲሆን በ1673 በጻፈው ማስታወሻ ላይ ይገኛል፤ ትርጉሙ እየሰፋ የዛሬውን መልክ የያዘው ግን ከእሱ በኋላ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የተለቀቀ ድንጋይን እንውሰድ። ድንጋዩ የሚወርድበት ርቀት ጊዜን እየተከተለ ይለዋወጣል። ለስሌት እንዲመቸን ቁጥሩን ጠቅለል ካደረግነው፣ በ1 ሴኮንድ 5 ሜትር፣ በ2 ሴኮንድ 20 ሜትር፣ በ3 ሴኮንድ 45 ሜትር ይወርዳል።

አሁን ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሴኮንድ ድንጋዩ በምን ፍጥነት ወረደ ብንባል ምን እናደርጋለን? መጨረሻ ላይ ከነበረው ርቀት የመነሻውን እንቀንሳለን፤ 45 ሲቀነስ 5፣ 40 ሜትር ይሆናል። ጊዜውንም እንዲሁ እንቀንሳለን፤ 3 ሲቀነስ 1፣ 2 ሴኮንድ ይሆናል። 40ን ለ2 ስናካፍል በሴኮንድ 20 ሜትር እናገኛለን። አማካይ የለውጥ ምጣኔ የሚባለው ይኸው ነው። የውጤቱን ልዩነት ለመነሻው ልዩነት ማካፈል ነው፤ ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለውም። በሥዕል ቢታይ ደግሞ በጠማማው መስመር ላይ ሁለት ነጥቦችን መርጦ በቀጥታ መስመር ማገናኘትና የዚያን መስመር አቀበት መለካት ማለት ነው።

ልብ በሉ! ድንጋዩ በእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች ውስጥ በሴኮንድ 20 ሜትር የሄደው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ከዚያ ያነሰ፣ መጨረሻ ላይ ከዚያ የበለጠ ፍጥነት ነበረው። አማካዩ ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን ብዙ ደብቋል። ሁለቱን ጫፎች እንጂ መካከሉን አያውቅም። በየሪፖርቱ በአማካይ የምትል ቃል ስትገባ ጆሯችንን ማቆም ያለብንም ለዚህ ነው። የመነሻውንና የመድረሻውን ዓመት የመረጠ ሰው አማካዩንም አብሮ መርጧል።

ታዲያ ድንጋዩ ልክ በ1ኛው ሴኮንድ ላይ የነበረውን ፍጥነት እንዴት እናውቃለን? ሁለተኛውን ነጥብ ወደ መጀመሪያው እያቀረብን እንሄዳለን። ከ1 እስከ 2 ሴኮንድ ያለው አማካይ 15 ነው። ከ1 እስከ 1.1 ሴኮንድ ያለው 10.5 ነው። ከ1 እስከ 1.01 ያለው ደግሞ 10.05 ይሆናል። ቁጥሩ ወዴት እንደሚጠጋ ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ወደ 10 ነው። ያ 10 የቅጽበቷ ፍጥነት ነው። ላይብኒዝ ይህን ያስቀመጠው ወሰን የሌለው ያህል በተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች መካከል እንደሚሰመር መስመር አድርጎ ነው።

በዚህ መንገድ የሄደ የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም። ከእሱ በፊት ፒየር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ ትንንሽ ልዩነቶችን ተጠቅሞ ተመሳሳይ ችግሮችን ፈትቷል። ፌርማም የቱሉዝ ፍርድ ቤት ሹም የነበረ የሕግ ሰው መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። ላይብኒዝ የጨመረው ለማንኛውም ፈንክሽን የሚሠራ ጠቅላላ ደንብ፣ የልዩነትና የድምር ቁርኝትና ከሁሉም በላይ ጥሩ ምልክት ነው። በ1675 ጥቅምትና ኅዳር ላይ በጻፋቸው ማስታወሻዎች ድምርን በረዘመ የኤስ ፊደል፣ ልዩነትን ደግሞ በዲ ፊደል መወከል ጀመረ። ዛሬ በየጥቁር ሰሌዳው የምናየው ዲ ዋይ በዲ ኤክስ የሚባለው አጻጻፍ የመጣው ከዚህ ነው። አጻጻፉ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ የአንዱ ልዩነት ለሌላው ልዩነት ሲካፈል ማለት ነውና።

በለንደን የተቀመጠው ሰው

ይህ በእንዲህ እንዳለ በእንግሊዝ አገር ሌላ ሰው በሌላ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። አይዛክ ኒውተን በ1665 እና 1666፣ ወረርሽኝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲን ባዘጋበት ጊዜ፣ የትውልድ መንደሩ ተቀምጦ የለውጥን ስሌት ደርሶበታል። ላይብኒዝ በዚያን ጊዜ ገና የሕግ ተማሪ ነበር። ነገር ግን ኒውተን ሥራውን ለጥቂት ወዳጆቹ ከማሳየት በቀር ሳያሳትም ለአሥርት ዓመታት አስቀመጠው።

በ1676 ኒውተን በሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ በኩል ለላይብኒዝ ሁለት ደብዳቤዎች ላከ። ስለ ማለቂያ የለሽ ድምሮች ብዙ ነገር ሲነግረው፣ ዋናውን ዘዴ ግን ፊደላቱን አዘበራርቆ ማንም ሊፈታው በማይችል እንቆቅልሽ ሸፈነው። ላይብኒዝም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለጥቂት ቀናት ለንደን ገብቶ የኒውተንን አንድ ያልታተመ ጽሑፍ አይቶ ማስታወሻ ወሰደ። የወሰደው ማስታወሻ በድምሮቹ ላይ ያተኮረ ነበር። የራሱን የለውጥ ስሌት ምልክቶች የጻፈው ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

በ1684 ላይብኒዝ አዲሱን ዘዴ በላይፕዚግ በሚታተም መጽሔት ላይ አወጣው። በጥቂት ገጾች ለመደመር፣ ለማባዛት፣ ለማካፈል የሚሆኑትን የለውጥ ደንቦች ደርድሮ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ስለ ኒውተን ደብዳቤዎች አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይህ ጥፋት ነው። ስሙን ቢጠቅስ ኖሮ የሚያጣው አልነበረም፤ በኋላ የመጣውንም ብዙ መከራ ያስቀርለት ነበር። ኒውተን በበኩሉ በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ላይብኒዝ ከእሱ ብዙም የማይለይ ዘዴ እንዳለው ጠቅሶ ነበር። ላይብኒዝ ከሞተ በኋላ በ1726 በወጣው ሦስተኛ ኅትመት ላይ ግን ይህ ምስክርነት ተሰረዘ።

ሃኖቨርና የማያልቀው የታሪክ መጽሐፍ

ላይብኒዝ ከ1676 መጨረሻ ጀምሮ የኖረው በሃኖቨር መስፍናዊ ቤት አገልጋይነት ነው። የማያደርገው ነገር አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት ያስተዳድራል፣ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ በሃርዝ ተራሮች ያለውን የማዕድን ጉድጓድ ውኃ በንፋስ ኃይል ለማውጣት ይሞክራል። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ብዙ ገንዘብ በልቶ ከሽፏል። በ1685 የመስፍኑን ቤተሰብ ታሪክ እንዲጽፍ ታዘዘ። አጭር የዘር ሐረግ ጽፎ መገላገል ሲችል ማስረጃ ፍለጋ እስከ ጣሊያን ተጉዞ በየገዳሙና በየቤተ መዛግብቱ ሰነድ ሲያገላብጥ ከረመ። ሲሞት ታሪኩ የደረሰው ገና 1005 ዓመተ ምሕረት ላይ ነበር።

ከ1,000 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ይጻጻፍ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ እየተማረ፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ላይብኒዝ የሕዝቦችን ጥንታዊ ዝምድና ቋንቋዎቻቸውን በማነጻጸር ማወቅ ይቻላል ብሎ ያምን ስለነበር ከሉዶልፍ ጋር ለዓመታት ስለ ቋንቋ ተጻጽፏል። በ1700 የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ እንዲመሠረት አድርጎ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1703 ደግሞ ቁጥርን ሁሉ በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። የዛሬው ኮምፒዩተር የሚሠራው በዚህ አቆጣጠር ነው።

ሙግቱ

እሳቱ ቀስ እያለ ነበር የተያያዘው። በ1699 አንድ የኒውተን ወዳጅ ላይብኒዝ ከኒውተን ሳይወስድ አልቀረም የሚል አሽሙር በጽሑፍ አወጣ። በ1704 ኒውተን ዘዴውን በመጨረሻ አሳተመው። በ1705 በላይፕዚጉ መጽሔት ላይ ስለዚህ ሥራ ስም የለሽ ግምገማ ወጣ። ኒውተን የላይብኒዝን ልዩነቶች በራሱ ቃል ተክቶ እንደተጠቀመ የሚያስመስል አነጋገር ነበረበት። ጸሐፊው ላይብኒዝ ነበር፤ ሲጠየቅም ይክድ ነበር። በዚህም ጉዳይ ንጹሕ ነው ልንለው አንችልም።

ከዚያ በኋላ ጆን ኪል የተባለ የኒውተን ደጋፊ በ1710 በወጣው የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ በግልጽ ከሰሰው። የኒውተንን ዘዴ ስሙንና ምልክቱን ለውጦ አሳተመው የሚል ክስ ነበር። ላይብኒዝ የሕግ ሰው ነውና የሕግ ሰው ያደርጋል የሚባለውን አደረገ። የማኅበሩ አባል እንደመሆኑ በ1711 አቤቱታውን ለማኅበሩ አቀረበ።

የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ማን ነበር? ከ1703 ጀምሮ አይዛክ ኒውተን።

በ1712 መጋቢት ወር ማኅበሩ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። አብዛኞቹ አባላት የኒውተን ወዳጆች ነበሩ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሪፖርቱ ተጠናቀቀ። የመጀመሪያው ፈልሳፊ ኒውተን እንደሆነ፣ ኪልም ያን በመጻፉ ላይብኒዝን እንዳልበደለ ተወሰነ። ዛሬ በኒውተን እጅ ጽሑፍ የተገኙት ረቂቆች እንደሚያሳዩት ሪፖርቱን ያረቀቀው ኒውተን ራሱ ነው። ማኅበሩ ሪፖርቱን ከተመረጡ ደብዳቤዎች ጋር በመጽሐፍ አሳትሞ በመላው አውሮፓ አሠራጨ። በመጽሐፉ ላይ ስለዚሁ መጽሐፍ የተጻፈ ረጅም ግምገማ በ1715 ስም ሳይጠቀስበት ወጣ። የግምገማው ጸሐፊም ኒውተን ነበር።

እኛ ሕግ የተማርን ሰዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚነገሩን ሁለት መርሆች አሉ። ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም፤ ማንም ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። እነዚህ መርሆች ለዚያ ዘመን እንግሊዝ አዲስ ነገር አልነበሩም። የለንደን ሐኪሞች ማኅበር ቦንሃም የተባለውን ሐኪም ከሶ፣ ፈርዶ፣ ከቅጣቱም ገንዘብ ተካፋይ በሆነበት ጉዳይ፣ ታዋቂው ዳኛ ኤድዋርድ ኮክ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ የወሰነው በ1610 ነበር። ከላይብኒዝ ጉዳይ 102 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ሮያል ሶሳይቲ ግን ላይብኒዝን አልጠራውም፤ መልስ ስጥ አላለውም፤ ሰነድ አቅርብ ብሎ አልጠየቀውም።

ሰነዱ ደግሞ ነበረ! ከ1673 እስከ 1675 በፓሪስ የጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ ብዙዎቹ ቀን የተጻፈባቸው፣ ሃኖቨር በወረቀቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። እነዚያን ወረቀቶች የሚያይ ሰው ላይብኒዝ ከሆይገንስ እንቆቅልሽ ተነስቶ፣ እየተሳሳተ፣ ምልክቱን እየለዋወጠ፣ አንዱን ደንብ ተሳስቶ ጽፎ በኋላ እያረመ ወደ ግኝቱ ሲዘልቅ ያያል። ሰርቆ የሚወስድ ሰው እንዲህ አይዳክርም። ኮሚቴው ያየው ግን ሁለት ነጥቦችን ብቻ ነው። አንደኛው በ1676 የተላኩት የኒውተን ደብዳቤዎች፣ ሁለተኛው በ1684 የወጣው የላይብኒዝ ጽሑፍ ናቸው። ሁለቱን በቀጥታ መስመር አገናኝቶ ሌብነት የሚል ስም ሰጠው። መስመሩ ከሁለቱ ነጥቦች በፊት የነበረውንም ሆነ በመካከላቸው ያለውን ጠማማ መንገድ አላየም።

ብቸኛው ቀባሪ

በ1714 የሃኖቨሩ መስፍን ጆርጅ ቀዳማዊ ተብሎ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ጓዙን ይዞ ወደ ለንደን ተሻገረ። ላይብኒዝም ሊከተል ፈለገ። ንጉሡ ግን የቤተሰቡን ታሪክ ሳትጨርስ ከሃኖቨር አትንቀሳቀስ አለው። ለንደን የኒውተን ከተማ ናት፤ በላይብኒዝ መምጣት ደስ የሚለው ሰው በዚያ ብዙ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ላይብኒዝ የግኝቱን ታሪክ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ጻፈው። ከቁጥሮች ልዩነት ተነስቶ እንዴት ወደ ካልኩለስ እንደደረሰ ይተርካል። ሳያሳትመው ቀረ። ኅዳር 14 ቀን 1716 በ70 ዓመቱ ሃኖቨር ውስጥ አረፈ። 40 ዓመት ያገለገለው ቤተ መንግሥት በቀብሩ ላይ አልተገኘም፤ ከቅርብ ሰዎቹ የሸኘው ጸሐፊው ኤክሃርት ነበር። አባል የነበረበት ሮያል ሶሳይቲም፣ እሱ ራሱ የመሠረተው የበርሊን አካዳሚም የኀዘን ንግግር አላደረጉለትም። ያደረገለት የፓሪሱ አካዳሚ ነው። መቃብሩም ከ50 ዓመት በላይ ምልክት ሳይቆምበት ቆየ።

የሆነው ሆኖ ጊዜ የሚሉት ዳኛ መዝገቡን አልዘጋም። የአውሮፓ አህጉር የሒሳብ ሰዎች የላይብኒዝን ምልክቶች ይዘው ወደፊት ገሰገሱ። እንግሊዞች የኒውተንን ክብር እንጠብቃለን ብለው በእሱ ነጥብ የመጻፍ ስልት ሙጭጭ ብለው ቆዩ፤ በዚህም ወደ ኋላ ቀሩ። በ1812 ቻርልስ ባቤጅን ጨምሮ ጥቂት የካምብሪጅ ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው የላይብኒዝን አጻጻፍ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ለማስገባት ተነሡ። ሮያል ሶሳይቲ ፍርዱን በሰጠ በመቶኛው ዓመት መሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጌርሃርት የተባለው ጀርመናዊ ሃኖቨር የተቀመጡትን ማስታወሻዎች ማሳተም ሲጀምር፣ ኮሚቴው ሊያያቸው ያልፈለጋቸው ሰነዶች ወደ አደባባይ ወጡ። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ኒውተን ቀድሞ አገኘው፣ ላይብኒዝ በራሱ መንገድ አገኘው፣ ቀድሞ ያሳተመው ግን ላይብኒዝ ነው በሚለው ይስማማሉ። የደብዳቤዎቹ ስብስብም በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ኒውተን ቀዳሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ኮሚቴው በዚህ አልተሳሳተም። አስተምህሮቱም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግማሹ እውነት የሆነ ውሳኔ እንኳ አካሄዱ ከተበላሸ ፍርድ መሆኑ ይቀርና ጉልበት ይሆናል። ኒውተን የያዘው እውነት ለማሸነፍ የራሱን ችሎት አያስፈልገውም ነበር። ገለልተኛ ሰው ቢያየው፣ ላይብኒዝም ወረቀቶቹን ቢያቀርብ፣ ሁለቱም ክብራቸውን ይዘው በወጡ ነበር። ችሎቱን የራሱ በማድረጉ ግን በላይብኒዝ ላይ ለአንድ ምዕተ ዓመት ጥላ ጣለበት፤ ለራሱም እስከዛሬ የማይለቅ ነቁጥ ተረፈው።

እኛም በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየማኅበራችን፣ በየዕድራችን ኮሚቴ እናቋቁማለን። ሰው እንገመግማለን፣ እንወስናለን። ሁለት ነጥብ አይተን መስመር ከማስመራችን በፊት የመካከሉን ወረቀት አምጣ ማለት፣ የተከሰሰውንም ጠርቶ መስማት፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ደግሞ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጎን እንዲቀመጥ ማድረግ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ላይብኒዝ በሒሳቡ ያስተማረን ይህንኑ ነው። ነጥቦቹን ባቀራረብናቸው ቁጥር እውነቱ እየጠራ ይመጣል።

ቸር እንሰንብት።